ተን ሳቢ ካቢኔ ለቤት ጋራዥ

የላቦራቶሪ ሰዎች በአጭሩ «ሁድ» የሚሉት ተን ሳቢ ካቢኔ ከፊቱ በቀር በሁሉም ጎኑ የተዘጋ ሳጥን ነው። የክፍሉ አየር በፊት አፉ ይገባል፣ በውስጡ የተነሣውን ተን ይዞ በኋላ በኩል ያልፋል፣ በቱቦ ተስቦ ከቤት ውጭ ይጣላል። ቀለም በቲነር የሚያቀጥን፣ በካውያ ስታኞ የሚያቀልጥ ወይም ብረት በአሲድ የሚያጸዳ ሰው እንዲህ ያለ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ከስታኞ ጋር የሚቃጠለው የጥድ ሙጫ ጭስ አስም እንደሚያስከትል በሥራ ጤና ሕክምና በደንብ የታወቀ ነው። በዚህ ጭስ አንዴ የተቆጣ ሳንባ ከዚያ በኋላ ለጥቂቱም ይታወካል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ሳጥኑን ይሠራና በእጁ ያለውን ፋን ይገጥምበታል። መንገዱ የተገለበጠ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚለካው ከአፉ ስፋት ተነሥቶ ነውና። አየሩ በአፉ ላይ በሰከንድ ከ0.4 እስከ 0.6 ሜትር ፍጥነት ሊገባ ይገባል። ከዚህ ካነሰ ተኑ ወደ ሠራተኛው ያፈተልካል። እጅግ ከበዛም አየሩ በጠርዞቹ ላይ እየተሽከረከረ ተኑን ወደ ውጭ ይመልሰዋል። ስፋቱ 90፣ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ አፍ 0.36 ካሬ ሜትር ነው። ይህ በ0.5 ሲባዛ በሰከንድ 0.18 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 650 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይሆናል። ትንሹ የመታጠቢያ ቤት ፋን የሚስበው በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አካባቢ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ከፊት ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስታወት መግጠም ግን ትልቅ እፎይታ ነው፤ አፉ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲል የሚያስፈልገው አየር በግማሽ ይቀንሳል፣ ፊትም ከፍንጣሪ ይጠበቃል።

በፋኑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ቱቦ ሳይቀጠልበት የተለካ ነው። ቱቦና መታጠፊያ ሲጨመሩ ተራው ባለ ምላጭ ፋን ይደክማል። አየርን በመሐሉ ስቦ በጎኑ የሚገፋው ሴንትሪፉጋል ፋን ግን ተቃውሞውን የተሻለ ይቋቋማል። የቱቦው ውፍረትም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ያው 650 ሜትር ኩብ አየር ዲያሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ሲያልፍ በሰከንድ 10 ሜትር ይሮጣል፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ፍጥነቱ ከ6 በታች ይወርዳል፣ ተቃውሞውም ሩብ ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ወፍራም፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ ቱቦ ከሽብሽቡ የአሉሚኒየም ቱቦ እጅግ ይሻላል። ፋኑ የሚቀመጠው በቱቦው መጨረሻ፣ ከቤት ውጭ ነው። ያን ጊዜ በቤት ውስጥ ያለው ቱቦ በሙሉ የሚስብ ስለሚሆን፣ ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ አየር ያስገባል እንጂ ተን አያስወጣም።

ለሳጥኑ በኢፖክሲ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ፊቱ ሲሰበር የማይቆርጥ ጠንካራ መስታወት ቢሆን ይመረጣል፤ ግልጽ ፕላስቲክ በአሴቶን ይበላሻል። የላሜራ ቱቦ ለቲነርና ለመሰሉት ይሆናል፣ የአሲድ ተን ግን ይበላዋል፤ ለአሲድ የፒቪሲ ቱቦ ይሻላል። ከጀርባው ግድግዳ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ፊት ለፊት ሌላ ሰሌዳ ቆሞ፣ ከታችና ከላይ ጠባብ ክፍተት ይተውለታል። የታችኛው ክፍተት የግድ ነው፤ የአሴቶን ተን ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል።

እሳት ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት ይገባል። አሴቶን ከአየሩ 2.5 በመቶ፣ ቤንዚን ደግሞ 1.4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ካርቦን ብሩሽ ያለው ሞተር ሲሽከረከር ብልጭታ ስለማያጣው በተኑ መንገድ ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ከሳጥኑ ውጭ ይሁን።

የወጣው አየር ያህል መግባት አለበት። 3 በ6 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ጋራዥ 45 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ይህ ሁድ በሰዓት 14 ጊዜ ያህል ይቀይረዋል። በሩ ከተዘጋ ፋኑ የሚስበው ያጣል። በአሜሪካ በብዙ ቤቶች እንደሚታየው የጋዝ ውኃ ማሞቂያ ጋራዡ ውስጥ ካለ ደግሞ፣ የማሞቂያው ጭስ በጭስ ማውጫው ተመልሶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይገባል። ይህ የሚገድል ስሕተት ነው። አየር ማስገቢያው ከሁዱ ፊት ራቅ ይበል፤ በጎን የሚነፍስ አየር ስበቱን ያፈርሳል። በአጠገቡ የሚራመድ ሰው እንኳ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ስለሚሄድ ከሁዱ ስበት ይፈጥናል።

ሥራው ሲያልቅ፣ የሚቀጣጠል ነገር በአጠገቡ ሳይኖር፣ የሚጤስ ዕጣን በአፉ ዙሪያ ቀስ ብሎ ይዞራል። ጭሱ በየማዕዘኑ ሳያመነታ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ፈተናው ሰው ከፊቱ ቆሞ ይደገም፤ ወንዝ ውስጥ ካለ ድንጋይ ኋላ ውኃ እንደሚሽከረከር፣ አየሩም በደረቱ ፊት ይሽከረከራልና። ዕቃው ከአፉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ቱቦ ሳይኖር በከሰል ማጣሪያ ብቻ አየሩን ወደ ክፍሉ መመለስ አያስተማምንም። ከሰሉ ሁሉንም ተን አይዝም፣ ሲሞላም ምልክት ሳይሰጥ ያሳልፋል። የአቧራ ማጣሪያ ደግሞ ተንን ጨርሶ አይዝም። በደንብ በተሠራ የቤት ሁድ ውስጥም ቢሆን የማይነኩ ነገሮች አሉ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስታወቱን ይበላል፣ በቆዳ ሰርጎ ገብቶም ይገድላል። የፐርክሎሪክ አሲድ ተን በቱቦው ውስጥ ጨው ሆኖ ይቀራል፣ ያም ጨው ሲደርቅ በትንሽ ምት ይፈነዳል፤ ላቦራቶሪዎች ለዚህ አሲድ ቱቦው በውኃ የሚታጠብ ልዩ ሁድ ይጠቀማሉ።