የቄስ ሚስት፤ ኑሮዋና መንገዷ

ስለ ኢትዮጵያ ካህናት ብዙ ተጽፏል። የውጭ አገር ተጓዦችም ሆኑ የአገራችን ሊቃውንት የቄሱን አገልግሎት፥ የደብተራውን ዜማና ቅኔ፥ የመነኩሴውን ተጋድሎ በየዘመናቸው ገልጠዋል። የቄሱ ሚስት ግን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ የምትታየው እጅ ለማስታጠብ ብቅ ብላ ወደ ጓዳ እንደምትመለስ ሴት ሆና ነው። የኅብረተሰብን ሥርዓት ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የገጠሩ ደብር ቋሚ አገልጋይ በአመዛኙ ባለትዳር ቄስ ስለ ሆነ፥ ያለ እርስዋ ደብሩ ራሱ አይቆምም።

በግሪክ ቤተ ክርስቲያን የቄስ ሚስት ፕረስቢቴራ ትባላለች፤ ይኸውም የባሏ የማዕረግ ስም በአንስታይ ጾታ የተነገረ ነው። ሩሲያውያን በቁልምጫ እናት ማለት የሆነውን ማቱሽካ የሚለውን ስም ይሰጧታል። በፕሮቴስታንቶቹም ዘንድ፥ በተለይ በጀርመን አገር፥ የፓስተሩ ቤትና የእመቤቲቱ ሥራ ራሱን የቻለ የታሪክ ጥናት ርእስ ሆኗል። አማርኛ ግን ለእርስዋ ያወጣላት የማዕረግ ስም የለውም፤ የቄስ እገሌ ባለቤት ትባላለች እንጂ ሌላ መጠሪያ የላትም። ስሙን ቢነፍጋትም ሥርዓቱ ያሸከማት ሸክም ከጎረቤቶቿ ሁሉ የተለየ ነው። ይህን ለመረዳት ከጋብቻው መጀመር ያስፈልጋል።

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋ፥ በክርስቲያኑ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት የታወቁት የጋብቻ ዐይነቶች ሦስት ናቸው። አንዱ በሽማግሌና በእማኝ ፊት የሚፈጸመው የሰማንያ ጋብቻ ነው። አንዱ ለተወሰነ ጊዜ በደመወዝ የሚደረገው ነው። ሦስተኛው በሥጋ ወደሙ የሚጸናው የቁርባን ጋብቻ ነው። አብዛኛው ገበሬ የሚጋባው በሰማንያ ነው፤ ባልና ሚስት ካልተስማሙ ሽማግሌ ተቀምጦ ንብረታቸውን አካፍሎ ይለያያቸዋል፥ ሁለቱም ሌላ ትዳር ይይዛሉ። ቁርባንን የሚሹት አብዛኛውን ጊዜ ከሸመገሉ በኋላ ነው፤ ልጆች ተድረው፥ የወጣትነት ሐሳብ በርዶ፥ ሞት መታሰብ ሲጀምር። እንግዲህ ጎረቤቶቿ በሽምግልና የሚገቡበትን ጋብቻ የቄስ ሚስት በልጅነቷ ትገባበታለች።

ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በተክሊልና በቁርባን ያገባል፥ ወይ ይመነኩሳል። ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም። የሚያገባትም ልጅ ድንግል መሆን አለባት፤ ባሏ የሞተባትን ወይም የተፈታችን ሴት ያገባ ሰው ለክህነት አይበቃም። ድንግልናው የግድ በመሆኑ፥ ወላጆች ልጅቱን ገና በለጋ ዕድሜዋ ማጨት ይመርጡ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴት 15፥ ለወንድ 18 ዓመት አድርጎ ወሰነ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። ሕጉና የገጠሩ ልማድ ግን በየስፍራው እኩል አልተራመዱም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሥርዓቱ የሚጠይቀው ድንግልናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም፤ ሁለቱን ያጋባቸው የወላጅ ሥጋት ነው። ይህ ልዩነት ተለይቶ ሲነገር ለመስማት ግን አንዳንድ ደብር ላይ ብዙ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋብቻ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። ሚስቱ ብትሞት ቄሱ ሁለተኛ አያገባም፤ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል፥ ከዚያም በኋላ ዜማ ቢያውቅ ከደብተሮች ጋራ በማኅሌት ይቆማል እንጂ ወደ መቅደስ አይገባም። ክህነቱን ሊያቆይ የወደደ ይመነኩሳል። በትዳሯ ላይ ብትወሰልትም ቄሱ ከእርስዋ መለየት ወይም አገልግሎቱን መተው አለበት። ስለዚህ የባሏ ክህነት የቆመው በእርሱ ትምህርትና ምግባር ብቻ ሳይሆን በእርስዋ ጤንነት፥ በእርስዋ ታማኝነትና በእርስዋ ፈቃድ ላይ ጭምር ነው።

ብዙ ጊዜ የዚህ ነገር አንዱ ወገን ብቻ ይነገራል፤ ሴቲቱ እንደ ጎረቤቷ ድርሻዬን ልውሰድና ልሂድ ለማለት እንደማትችል። ይህ እውነት ነው። የሰማንያ ሚስት ትልቁ ኀይሏ ይኸው የመሄድ መብቷ ነው፤ ባልም ያንን እያሰበ ምላሱንና እጁን ይሰበስባል። የቄስ ሚስት ይህን ኀይል ተነፍጋለች። ሆኖም ባሏ ሊተካት አይችልም፤ ሌላው ገበሬ ሚስቱ ብትሄድበት በሚመጣው ጥር ሌላ ያገባል፥ ቄሱ ግን ሚስቱ ብትሄድበት ለቀሪ ዘመኑ ወይ ቆብ ወይ ውርደት ይጠብቀዋል። በዚህም ምክንያት በቄስ ቤት ጠብ የተሰማ እንደ ሆነ የደብሩ አለቃና ሽማግሌዎች ከሌላው ቤት ይልቅ ፈጥነው ይደርሳሉ። በወሊድ ሕማም በተያዘች ጊዜ የሚሰማው ጭንቀትም ድርብ ነው፤ ከእናቲቱ ነፍስ ጋራ የአባትየው መተዳደሪያ አብሮ ያለው በዚያች ሌሊት ነውና። የመንግሥት ሕግ በዚህ ላይ ያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው። የ1952ቱ ሕግ ጋብቻው በማናቸውም ሥርዓት ቢፈጸም የፍቺው ምክንያትና ውጤት አንድ ነው ብሎ ስለ ደነገገ የቄስ ሚስትም እንደ ማንኛዋም ሴት ዳኛ ፊት መቆም ትችላለች። ዳኛው ንብረቱን ያካፍላል፤ ክህነቱን ግን አያድንም።

አሁን ወደ ዕለቱ ኑሮ እንምጣ። በውጭ ሲታይ የቄስ ቤት ከገበሬ ቤት አይለይም። ቄሱ ራሱ ያርሳል፤ ሚስቱም ታርማለች፥ ትፈጫለች፥ ውሃ ትቀዳለች፥ ትፈትላለች። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አገልጋዮቹ በአገልግሎታቸው ምክንያት የሚይዙት የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ የቄሱ ቤት እንደ ጎረቤቱ በደረሰው ማሳና ምእመናን በሚሰጡት ይተዳደራል። ልዩነቱ የሚገለጠው በጊዜ አጠቃቀም ላይ ነው። ካህናቱ በየሰሞናቸው እየተፈራረቁ ስለሚያገለግሉና ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ስለሚያስፈልጉ፥ አንድ ቄስ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጐላል። ሚስቱ የባሏን ሰሞን እንደ ባሏ ትቈጥራለች። ሰሞነኛ በሆነ ጊዜ ቀደም ብሎም በኋላም በተወሰኑት ቀናት ከመኝታዋ ይለያል፤ መደቡ ላይ ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያድራል። ሰንበት ከሆነ ዶሮ ሳይጮኽ ይወጣል። በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ በመሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ሳይቀምስ ይውላል።

ምእመናን በዓመት ወደ 180 ቀን ያህል ሲጾሙ ካህናቱ እስከ 250 ቀን ይደርሳሉ፤ የቄሱ ቤት ጓዳም የሚተዳደረው በካህናቱ ቍጥር ነው። ሽሮው፥ ምስሩ፥ የተልባውና የሱፉ ፍትፍት በዚያ ቤት ከሥጋና ከወተት ይልቅ የዘወትር ምግብ ነው። ጎረቤት በፈቃዱ የሚጾመውን ጽጌን እንኳ ብዙ የቄስ ቤት እንደ ታዘዘ ጾም ይይዘዋል። ልጆቹም በፍልሰታ ከማንም ቀድመው ጾም ይለምዳሉ። በበዓል ቀን ከሌላው ቤት የወፍጮ ድምፅ ቢሰማ ሰው ቸልታ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ከቄሱ ቤት የተሰማ እንደ ሆነ ግን ወሬው ከቀትር በፊት ጸበል ይወርዳል።

የቄሱ ክብር በዐይን የሚታየው በንጣቱ ነው፤ ነጭ ጥምጥም፥ ነጭ ጋቢ፥ ነጭ ቀሚስ። ያ ንጣት የሚስቱ ሥራ ነው። እንዶድ ትለቅማለች፥ ትወቅጣለች፥ ወንዝ ወርዳ ታጥባለች፥ ድንጋይ ላይ ታሰጣለች፤ ክሩንም መጀመሪያ የፈተለችው እርስዋ ናት። በአንጻሩ ለመሥዋዕቱ የሚቀርበውን ኅብስት በቤተ ልሔም የሚጋግሩት ካህናቱ ናቸው። በቤቷ ያለውን እንጀራና ዳቦ ሁሉ የምትጋግር ሴት ያንን አንዱን አትነካም። በወር አበባዋ ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ወንድ ከወለደች 40፥ ሴት ከወለደች 80 ቀን ከደጅ ትቆያለች። ይህ ሥርዓት የሴቶች ሁሉ ነው፤ የእርስዋ ባል ግን ከዚያው ቤት ወጥቶ ወደ መቅደስ ስለሚገባ በእርስዋ ቤት ውስጥ ጠንከር ብሎ ይታያል።

ቄሱ ለብዙ ቤተሰብ የንስሐ አባት ነው፤ የንስሐ ልጆች ደግሞ በማናቸውም ሰዓት ይመጣሉ። ሚስቲቱ የሚነገረውን አትሰማም፤ ማን መጣ፥ በስንት ሰዓት መጣ፥ ሲመጣ ፊቱ እንዴት ነበር፥ ሲሄድስ የሚለውን ግን ታያለች። መንደሩም ማየቷን ያውቃል። ወንዝ ስትወርድ ሴቶች በጨዋታ አስመስለው ይጠይቋታል፤ እርስዋም ዝም ማለትን እንደ ሙያ ትማራለች። የንስሐን ምስጢር የሚያዘው ቃል የተነገረው ለቄሱ ነው፤ የቤቱን ደጅ የምትጠብቀው ግን እርስዋ ናት። በዚህ ላይ የማኅበሩ፥ የክርስትናው፥ የተዝካሩ እንግዳ ሁሉ ከባሏ ጋራ ወደ ቤቷ ሲዞር፥ ጠላው መቼም ከማድጋው መጥፋት የለበትም።

ስለ ጉዞ ስንናገር የመጀመሪያው ታላቅ መንገድ ያለ እርስዋ የሚደረግ ነበር። እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳሱ ከግብፅ የሚመጡ ሲሆኑ፥ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት የተሾሙት በ1921 ዓ.ም. ነው። ጳጳስ ከስንት አገር አንድ በሚገኝበት በዚያ ዘመን፥ ክህነት የሚሻ ሰው ጳጳሱ ወደ ተቀመጡበት ከተማ ሩቅ መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። አዲሲቱ ሙሽራ ብዙውን ጊዜ በባሏ ወላጆች ቤት ትቀራለች፤ ባሏም ቄስ ሆኖ ይመለሳል።

የእርስዋ የራስዋ መንገዶች ወደ ወላጆቿ ቤት የሚወስዱት ናቸው። ከሠርጉ በኋላ ምልስ አለ። የመጀመሪያ ልጇንም በልማድ የምትወልደው በእናቷ ቤት ነው፤ ይህ ልማድ የሁሉም ቢሆን ለቄስ ቤት የተለየ ምቾት አለው፥ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው ከአራስ ቤት ይርቃልና። ነገር ግን ያው መንገድ ለጎረቤቷ ሌላም ትርጉም አለው። ያኰረፈች ሚስት ጓዟን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ያ መሄድ የፍቺ መጀመሪያ ወይም የእርቅ መጠየቂያ መሆኑን አገር ሁሉ ያውቃል። የቄስ ሚስት ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ ግን ማንም እንዳይጠረጥር ምክንያቷ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ለቅሶ፥ ክርስትና፥ የወንድም ሠርግ፥ የእናት ሕማም። አንድ ልጅ ታዝላለች፥ ሌላውን ታስከትላለች፥ የምትመለስበትንም ቀን ተናግራ ትወጣለች። ኵርፊያዋን የምትገልጥበት ሌላ መንገድ አላት፤ ለንግሥ እሄዳለሁ ትላለች። ለበዓል መሄድን ማን ይከለክላታል? እዚያ ሳምንት መቆየቷን የሚተረጕም ባሏ ብቻ ነው።

ቤተሰቡ በሙሉ የሚጓዘው ለታላላቆቹ በዓላት ነው፤ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም፥ ኅዳር 21 ቀን ለአክሱም ጽዮን፥ ለገና ወደ ላሊበላ፥ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቍልቢ ገብርኤል። መኪና ባልነበረበት ዘመን የጉዞው ዝግጅት ከወራት በፊት በጓዳ ይጀመር ነበር። ገብሱ ተቈልቶ በሶ ይሆናል፤ እንጀራው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ ዳቦ ቆሎው ይጠበሳል፤ ሁሉም በስልቻ ይታሰራል። በመንገድ ላይ የቄስ ቤተሰብ እንደ ሌላው ሰው ፈጥኖ አይሄድም። ያገኘው ሁሉ መስቀል ሊሳለም ይቆማል፤ የታመመ ያለበት ቤት ጸሎት ይለምናል፤ ሚስቲቱ ሸክሟን ሳታወርድ ትጠብቃለች። ማታ ግን ዋጋዋን ታገኛለች። የመሸበት እንግዳ ነኝ ያለ ቄስ ቤት ለእንግዳ ሳይባል አያድርም፤ እግሩ ሲታጠብ እርስዋና ልጆቿም ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከመንደራቸው ውጭ ያለውን አገር የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሴት ልጃቸው የምትታጨው በእንዲህ ያለ መንገድ ከተዋወቁት ካህን ቤት ነው።

አሁን አውቶቡሱ የሳምንቱን መንገድ የአንድና የሁለት ቀን አድርጎታል፤ ስንቁ ቀንሷል፥ በየደረጃው የነበረው የእንግዳ ማደሪያ ትውውቅም አብሮ ቀንሷል። ወደ ከተማ ደብር የተዛወረ ቄስ ደመወዝ ይቀበላል፥ ሚስቱም ትነግዳለች ወይም ተቀጥራ ትሠራለች። በዋሺንግተንና በሌሎች የውጭ አገር ከተሞች ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ቄሱ ራሱ በሥራ ቀናት ሌላ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሰሞን በሰዓት ሥራ መካከል ይገባል። ዳሩ ግን የክህነቱና የጋብቻው ማሰሪያ በጎጃም እንደ ነበረው በዚያም ያው ነው፤ ጥቅሙ ሲቀንስ ማሰሪያው አልላላም።

ባሏ ቀድሞ የሞተ እንደ ሆነ ብዙዋ የቄስ ሚስት ሌላ ትዳር አትሻም፤ ልጆቿን ድራ ቆብ ትጭናለች። ከደብሩ ግቢ አጠገብ ባለች ጎጆ ትቀመጣለች፤ አቅሙ ያላት ኢየሩሳሌምን ትሳለማለች፥ ያለዚያም ስንቋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ከሌሎች መነኮሳይያት ጋራ ወደ ግሸን ትወጣለች። ከእንግዲህ ወዲህ ማንም የቄስ እገሌ ባለቤት አይላትም፤ እማሆይ ትባላለች።