ብርቅዬው ደጃችን ላይ ነው

ነገ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ቆርቆሮ ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሰፈሩትን ርግቦች ከኋላ በኩል እዩልኝ። ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ካገኛችሁ፣ ያቺ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለችም። ስትበር ክንፏም ላይ ነጭ ብልጭ ይላል። ድሮውንም ገደል ላይ ጎጆ የምትሠራ ወፍ ስለሆነች የድንጋይ ግንብና ፎቅ ተስማምቷታል።

እኔ ጠዋት ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ እራመዳለሁ። ብርቅዬ ሲባል ሁላችንም ዋልያና ቀይ ቀበሮ ነው ትዝ የሚለን፤ እነሱን ለማየት ደግሞ ስሜን ወይም ባሌ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ሰፈራችን ውስጥ ያለውን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ጎህ ሲቀድ በመንጋ እየጮኹ የሚያልፉትን ትልልቅ ወፎች እንኳ እንውሰድ። ያን ሻካራ ድምፅ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሜዳ ላይ ሲያርፉ ቀስ ብላችሁ ቀረብ በሉ። ከሩቅ ጥቁር ይመስላሉ፤ ፀሐይ ሲነካቸው ግን ላባቸው ወደ አረንጓዴ ያብለጨልጫል፣ ክንፋቸው ላይም ሰፊ ነጭ አለ። ምንቃራቸው እንደ ማጭድ ወደ ታች የጎበጠ ነው፤ ጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ሥጋ ተንጠልጥሏል። በዚያ ምንቃር ሣሩን እየወጉ፣ ጎን ለጎን ሆነው ዝግ ብለው እየተራመዱ፣ ትልና የጥንዚዛ እጭ ያወጣሉ። እነሱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናቸው። በየሰፈሩ የቀረው ሣር ሜዳ ሲሚንቶ ሲለብስ አንጀቴ የሚያረው ለዚህ ነው፤ አፈሩ ከተሸፈነ የሚወጉት የላቸውም።

ወፍራም ምንቃር ያለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ የጣለበት ትልቁ ቁራም የአፍሪካ ቀንድ ልጅ ነው። እበት ካገኘ በምንቃሩ ግራና ቀኝ እየጠረገ እጩን ይለቅማል። ስታዩት አታባርሩት።

ወደ ዛፉ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በብዛት የምናየው የውጭ ነው። እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። የአገሩን ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ለማየት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሻላል።

አጥር ሥር ደግሞ ሳማ አለ፤ ይህኛው የእኛው ደጋ ተክል ነው። ቅጠሉን ሳትነኩ ጎንበስ ብላችሁ ብታዩት ጥቃቅን ፀጉሮች ለብሷል። ጫፋቸው ሲነካ ይሰበርና የሚለበልበውን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይከትታል። ሲቀቀል ግን መለብለቡ ይጠፋል፤ ለጋ ቅጠሉ በጾም ወጥ ይሠራበታል። ሳማ ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ቢራቢሮዎችም አሉ፤ ትሎቻቸው የሚያድጉት ቅጠሉን በልተው ነው። አጥራችሁን ስታጸዱ ልጆች የማይደርሱበት አንድ ጥግ ላይ ብትተዉት ደስ ይለኛል።