ለቶርኖ የሚሆነው የትኛው ዘይት ነው?

ቤቱ ውስጥ ትንሽ ቶርኖ የተከለ ሰው ብዙ ጊዜ ከመኪናው የተረፈውን የሞተር ዘይት ያነሣና ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ያጠጣዋል። በደረቁ ከማሠራት በእርግጥ ይሻላል። ቶርኖ ግን በዘይት በኩል ሲታይ አንድ ማሽን አይደለም። ዋናው ዘንግ በደቂቃ ከሺህ ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። መቁረጫውን የተሸከመው ካሬጅ ደግሞ አልጋው ላይ ቀስ እያለ፣ እየቆመና እየተነሣ ይንሸራተታል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ዘይት የሚመች አይሆንም። ምክንያቱን ማወቅም ከማንኛውም የዘይት ዝርዝር ይበልጥ ይጠቅማል።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ቦሻም ታወር እ.ኤ.አ. በ1883 ባቀረበው ጥናት የባቡር አክስል ኩሽኔታን ይመረምር ነበር። ከኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ ቢበሳ ዘይቱ ሽቅብ እየፈለቀ አስቸገረው። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተገፍቶ ወጣ። በእንጨት ወተፈው፤ እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት መርፌው ከ200 ፒኤስአይ አለፈ፤ ኩሽኔታው የተሸከመው አማካይ ጫና ግን 100 ገደማ ብቻ ነበር። ለካ የሚሽከረከረው ዘንግ ራሱ ዘይቱን ወደ ጠባቡ ክፍተት እየጎተተ ያስገባል፣ ዘይቱም በተራው ዘንጉን አንሥቶ ይሸከማል፤ ብረት ከብረት አይነካካም። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ይህን በሒሳብ አስረዳ።

እንግዲህ ፍጥነት ካለ ቀጭን ዘይትም ዘንጉን ያነሣል፤ ወፍራሙ እዚያ የሚጨምረው ሙቀትን ብቻ ነው። ካሬጁ ግን ዘይቱን ጎትቶ ለማስገባት የሚበቃ ፍጥነት የለውም። ስለዚህ ብረቱን የሙጥኝ ብሎ የሚይዝ ዘይት ይፈልጋል። ይህን ካላገኘ ሲገፉት እምቢ ይልና ድንገት ዘለል ይላል፤ ዝላዩም በሚቆረጠው ብረት ላይ ምልክቱን ይተዋል። ለመንሸራተቻ ተብለው የሚሸጡት እንደ ሞቢል ቫክትራ ቁጥር 2 ወይም ሼል ቶና 68 ያሉት ዘይቶች የሚያጣብቅና ይህን ዝላይ የሚከላከል ቅመም አላቸው።

68 የሚለው ቁጥር የውፍረት ደረጃ ነው። አይኤስኦ ቪጂ ይባላል፤ የሚለካውም ዘይቱ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲሆን ነው። ለፈጣን ዘንግ የተለመደው 32 ነው። ኖቲንግሃም አጠገብ፣ ቢስተን ውስጥ ይሠራ የነበረው ማይፎርድ ሱፐር 7 የተባለው ቶርኖ የፊት ኩሽኔታው ከነሐስ የተሠራ ሾጣጣ ቦኮላ ነው፤ ዘይት በክር እየተሳበ ይደርሰዋል፤ ፋብሪካውም 32 ሃይድሮሊክ ዘይት ያዘለት ነበር። በመኪና ዘይት ጣሳ ላይ ያለው ኤስኤኢ ሌላ መለኪያ ስለሆነ ቁጥሮቹን ማቀላቀል አይገባም፤ የሞተር ኤስኤኢ 20 ወደ 68፣ ኤስኤኢ 30 ወደ 100 ይጠጋል። የካምቢዮ ዘይት ቁጥር ደግሞ ከሞተሩም ይለያል፤ የካምቢዮ 90 ውፍረቱ ከሞተር 50 ብዙም አይርቅም።

40 ዲግሪ የአዲስ አበባ ጠዋት አይደለም። 68 የሚባለው ዘይት 20 ዲግሪ ላይ ከሁለት እጥፍ በላይ ይወፍራል፤ ስለዚህ በብርድ ማለዳ ዘንጉን ጥቂት ደቂቃ በዝግታ አሽከርክሮ ማሞቅ ተገቢ ነው።

የሞተር ዘይት ችግሩ ውፍረቱ ሳይሆን ቅመሙ ነው። ቆሻሻን በውስጡ ተንሳፍፎ እንዲቆይ የሚያደርግ አጣቢ ኬሚካል አለበት። መኪና ውስጥ ያን ቆሻሻ ፊልትሮ ይይዘዋል፤ ፊልትሮ በሌለው የቶርኖ ሳጥን ውስጥ ግን ከዘይቱ ጋር አብሮ ይዞራል። ሃይድሮሊክ ዘይት ቆሻሻውን ከሥር እንዲዘቅጥ ይተወዋል፣ ውሃንም ይለያል። ድኝ የበዛበት የዲፈረንሻል ዘይት ነሐስን ሊበላ ስለሚችል ቦኮላ ባለበት ሁሉ ይቅር። ከወጥ ቤት የሚመጣውን በተለይ አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ ሙጫ ይሆናል። ደብሊውዲ-40 ደግሞ መጀመሪያውኑ የተሠራው እርጥበትን ለማባረር ነው፤ ዝገት ለማላቀቅ ይረዳል እንጂ የአልጋ ዘይት አይደለም።

አቀባቡ ከምርጫው አያንስም። መጀመሪያ አልጋው በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ስቶፓ ክር ስለሚተው አይመከርም። ከዚያ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይደረግና ካሬጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ። ከጠርዙ ሥር ጥቁር ዘይት ከወጣ ደግሞ መጥረግ፣ ደግሞ መቀባት ነው፤ የሚወጣው ንጹሕ እስኪሆን ድረስ። ይህን ከሥራ በፊት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከሥራ በኋላም አንድ ስስ ቅብ ከዝገት ይጠብቃል። ውሃ ያለበት የመቁረጫ ፈሳሽ የተጠቀመ ሰው ደግሞ ዘይቱ ታጥቦ እንደሄደ ቆጥሮ እንደገና ይቀባ።

አልጋው ላይ ግራሶ መቀባት ትልቅ ስሕተት ነው። የብረት ፍርፋሪውን ይዞ ያስቀርና ራሱ መሞረጃ ይሆናል። ብርጭቆ ወረቀት ሲጠቀሙም አልጋውን መሸፈን ግድ ነው። አልጋ በብዛት የሚበላው ማንድሪኖው አጠገብ ነው፤ እዚያ ካለቀ በኋላ ማሽኑ ቀጥ ያለ ዘንግ ማውጣት ያቅተዋል፣ መልሶ ማስተካከሉም በዘይት የሚሆን አይደለም።

በብዙ ትናንሽ የቻይና ቶርኖዎች የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ በግራሶ የሚሠራ ስለሆነ ዘይት ማንጠባጠብ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል፤ መጀመሪያ የማሽኑን መመሪያ ማየት ይበጃል። ዘይት ፈጽሞ ሊደርስባቸው የማይገባ ቦታዎችም አሉ፦ ቺንጋው ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፤ ሾጣጣው የቴልስቶክ ቀዳዳም የሚይዘው በሰበቃ ስለሆነ ተጠርጎ ደረቅ መሆን አለበት።

ሁለት ጠርሙስ የመግዛት አቅም ያለው 32 ሃይድሮሊክና 68 የመንሸራተቻ ዘይት ይግዛ። አንድ ብቻ የሚችል 68ቱን ይያዝ፤ ለአልጋው፣ ለሊድ ስክሩና ለቴልስቶኩ ይበቃዋል። ጥብቅ ቦኮላ ላለው ፈጣን ዘንግ ግን ገንዘቡ እስኪገኝ ድረስ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ኩሽኔታውን በእጅ እየዳሰሰ መሥራት ይሻለዋል፤ እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ከተሰማው ማሽኑን ያቁም።