ነፃ ወንበር፣ በኪራይ የሚገዛ ዕጣ

በዋሽንግተን ዲሲ ፈላጊው በዝቶ ዋጋ ያልወጣለት አንድ አቅርቦት አለ፤ የቻርተር ትምህርት ቤት ወንበር። ቻርተር ትምህርት ቤት ወጪው በመንግሥት የሚሸፈን፣ በራሱ ቦርድ የሚመራና ክፍያ የማይጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ቱ ሪቨርስ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምረው በፕሮጀክት ሲሆን፣ ተማሪዎቹ አንድን ጉዳይ ለሳምንታት አጥንተው የደረሱበትን በሥራ ያሳያሉ።

አመልካች ከወንበር ሲበልጥ የሚለየው ዕጣ ነው። ወላጅ በከተማው የጋራ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤቶች በቅደም ተከተል ይመርጣል። ከታች ክፍል የሚያልፉት ልጆች ወንበራቸውን ይዘው ስለሚሄዱ፣ ለ6ኛ ክፍል አዲስ ገቢ የሚቀርበው የተረፈው ብቻ ነው።

ለነፃው ወንበር ግን የዲሲ ነዋሪነት ማስረጃ ይጠየቃል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ከዚህ ውጪ ናቸው። ለልጁ ሲል ወደ ከተማው የሚገባ ወላጅ ሒሳቡን በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባል። በኪራይ ላይ የሚጨምረው ገንዘብ የሚገዛለት ዕጣ ውስጥ የመግባት መብትን እንጂ ወንበሩን አይደለም። ያለ ዕጣ የሚረጋገጥለት የሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት መታየት ያለበትም እሱው ነው።