ሚዛን የማያሳየው ችሎታ

በአሜሪካ አገር ፉትቦል የሚባለው፥ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ፥ በግንባር ቆመው ኳስ ወርዋሪውን የሚከልሉ ሰዎች አሉት። ትልልቆቹ ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጅ ወጣቶችን በተራ ሲመርጡ፥ የእነዚህን ቁመት፥ ክብደትና የክንድ ርዝመት ይለካሉ፤ የቀለለ ሰው ወደ ኋላ ይገፋልና።

ጄሰን ኬልሲ ወደ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የገባው የትምህርት ርዳታ ሳይሰጠው ነበር። በኋላም መራጮች ክብደቱ ያንሳል ስላሉ፥ እ.ኤ.አ. በ2011 190 ወጣቶች ቀድመውት የፊላዴልፊያ ቡድን በ191ኛው ተራ ወሰደው። ይሁን እንጂ በ2024 ሥራውን እስኪተው ድረስ በዚያው ቡድን ጸንቶ፥ በስፍራው አንደኛ ተብሎ 6 ጊዜ ተመረጠ፤ በ2018ም ከባልንጀሮቹ ጋር ታላቁን ዋንጫ አገኘ።

ምክንያቱም የግንባሩ መካከለኛ ኳሱን ከማቀበሉ በፊት የተጋጣሚውን አሰላለፍ ተመልክቶ፥ ማን ማንን እንዲይዝ ለጓደኞቹ ይነግራል። ኬልሲም በፈጣን እግሩና በዚህ ማስተዋል የክብደቱን ጉድለት ሞላ።

እንግዲህ ልጆቻችንን ለሙያ ስንመርጥ መለኪያን መናቅ አይገባንም፤ ነገር ግን ቁመናውን አይተን ሥራውን ሳንመረምር አንፍረድ።