ማስት ሴልና ከፍ ያለው አይጂኢ

ማስት ሴል የሚባለው ሕዋስ መኖሪያው ቆዳ፣ የአየር ቧንቧና የአንጀት ግድግዳ ነው፤ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት በሚገባበት ሁሉ አለ። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ነው፣ በ1878። ውስጡ ሂስታሚን የሚባል ኬሚካል ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ አይጂኢ የሚባለው ፀረ አካል ተለጥፎ ይጠብቃል። ኦቾሎኒ ወይም የአበባ ብናኝ መጥቶ አይጂኢዎቹን እርስ በርስ ሲያያይዝ፣ ሂስታሚኑን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቀዋል። ማሳከኩ፣ ማበጡ፣ ትንፋሽ ማጠሩ ከዚያ ነው።

እስራኤል፣ ሬሆቮት ከተማ፣ ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር አንዲት እናት የልጇን የደም ውጤት አሳየችኝ። ጠቅላላ አይጂኢው ከፍ ብሏል። እሷም እንቁላልና ወተት ከልክላዋለች፤ ልጁ ግን ሁለቱንም በልቶ አሞት አያውቅም። «ወረቀቱ አለርጂ ነው ይላል» አለችኝ። ወረቀቱ እንዲህ አይልም!

ከፍ ያለ አይጂኢ ብቻውን አለርጂ ላለመሆኑ ከእኛው፣ ከኢትዮጵያ ከመጣነው ማኅበረሰብ የተሻለ ማስረጃ የለም። እዚሁ ሬሆቮት፣ ካፕላን ሆስፒታል፣ ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን ደም መርምረው ነበር። አይጂኢውም ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ከፍ ብለው ተገኙ፤ ነገሩም ከሆድ ትል ጋር ተያያዘ። ወስፋትና መንጠቆ ትል ባለበት አገር ሰውነት አይጂኢ የሚያመርተው ትሉን ለመታገል ነው። እንግዲህ የሚጠየቀው አይጂኢው በምን ላይ እንደተነጣጠረ ነው። ይህን የሚለየው ልዩ ምርመራ ወተትን ቢያመለክት እንኳ፣ ልጁ ወተት ጠጥቶ ደህና ከሆነ አለርጂ አለበት አይባልም። ምልክት ሳይኖር ምግብ መከልከል ልጅን መጉዳት ነው።

የእውነተኛ አለርጂ ሕክምና ማስት ሴሉን በተለያየ ጎን ይይዘዋል። ፀረ ሂስታሚን ክኒን የተለቀቀው ሂስታሚን እንዳይሠራ ያግዳል፤ ሕዋሱን ግን አያስቆምም። ኦማሊዙማብ የተባለው መርፌ አይጂኢውን ሕዋሱ ላይ ሳይለጠፍ ይይዘዋል። ከሬሆቮት በማይርቀው ሻሚር (የቀድሞው አሳፍ ሃሮፌ) ሆስፒታል ደግሞ አለርጂ ያለባቸውን ልጆች በሐኪም ፊት ወተቱን ወይም ኦቾሎኒውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያለማምዷቸዋል። ይህን ቤታችሁ እንዳትሞክሩት።

አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ ኤፒፔናችሁን (የአድሬናሊን መርፌውን) በበጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ አድሬናሊኑን ሙቀት ያበላሸዋል። ልጁ ትንፋሽ ካጠረው ክኒን እየሰጣችሁ አትጠብቁ። የጭኑን ውጨኛ ጎን በልብሱ ላይ በኤፒፔኑ ወግታችሁ ወደ አምቡላንስ፣ 101፣ ደውሉ።