የብረት ጉልበት ከብዙ ዓመት ሰላም በኋላ ሲታመም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ አልፎ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል፤ መንገደኛውም ጣርማ በር ላይ የተከናነበውን ካባ እያወለቀ ሸዋ ሮቢት ይገባል። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እኛ ይህን ቍልቍለት የወረድነው በዚያ የሚኖሩ አንዲት እመቤት ዘመዳችንን በሕመማቸው ለመጠየቅ ነበር። ያየነውንና ከሐኪሞች የተማርነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ብንገልጸው፥ የብረት ጉልበት የተተከለላቸው ወላጆች ያሉት ቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቀምበታል ብለን እናምናለን።

እመቤቲቱ ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ከሰባት ዓመት በፊት በውጭ አገር የቀኝ ጉልበታቸው በኦፔራሲዮን ተለውጦ የብረት ጉልበት ተተክሎላቸው ነበር። አስቀድሞ ከአልጋ እስከ ደጅ ለመድረስ የሰው ትከሻ ይሹ የነበሩት ሴት ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ያለ ረዳት ይስማሉ፤ የማሾና የሽንኵርት እርሻቸውን ዞረው ያያሉ፤ ለቅሶና ሠርግም አይቀርባቸውም። ጉልበቱም ምንም ስላልተናገረ ቤተ ሰቡ ፈጽሞ ረሳው።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላቸውና አተኰሳቸው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በይፋት ቆላ የሚንቀጠቀጥ ሰው አይቶ ወባ ነው የማይል ማን ነው? ደማቸው ሳይመረመር የወባ ኪኒን ተሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ አብጦና ግሎ ተገኘ። ወጌሻ ተጠራ፤ በለጋ ቅቤ አሸው፤ ሕመሙ ጸና። ከዚያ በኋላ አንድ ጎረቤት ከመድኀኒት ቤት ተሐዋስያንን የሚገድል እንክብል ገዝቶ አመጣ። እብጠቱ ጐደለ፤ ቤቱም ደስ አለው። እንክብሉ ሲያልቅ ሕመሙ ተመለሰ፤ ሌላ እንክብል ተገዛ፤ እንደገና ጐደለ፤ እንደገና ተመለሰ። እንዲህ ሲባል ሁለት ወር አለፈና ከአሮጌው ጠባሳ በታች እንደ ምስር ፍሬ ያለች ቀዳዳ ተከፍታ ፈሳሽ ታወጣ ጀመር። እኛ የደረስነው በዚህ ጊዜ ነው።

የሆነውን ለመረዳት የብረት ጉልበት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙ ጉልበት መለወጥ ይባላል እንጂ ሙሉ ጉልበት አይወጣም። ሐኪሙ የተበላውን የጭን አጥንት ጫፍ በስሱ ቈርጦ በብረት ያለብሰዋል፤ የቅልጥሙን አጥንት አናት ደልድሎ እንደ ጠፍጣፋ ሳሕን ያለ ብረት ይተክልበታል፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ፖሊኤቲሊን የተባለ ጠንካራ ፕላስቲክ ያስገባል። አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው ለዚሁ በተዘጋጀ ሲሚንቶ ነው። ጅማቱ፥ ጡንቻውና ቆዳው የሰውየው የራሱ ናቸው።

ይህን ሥራ አስቀድሞ የሞከረው ቴሚስቶክሌስ ግሉክ የሚባል የበርሊን ሐኪም ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1890 በነቀርሳ የተበላ ጉልበት አውጥቶ በዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ተከለ። መጀመሪያ ነገሩ የተሳካ መሰለ፤ ነገር ግን ውሎ አድሮ እነዚያ መገጣጠሚያዎች መግል እየያዙ ተበላሹ። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ጉልበት በኒው ዮርክ የተተከለው በ1974 ነው። በመካከሉ ሰማንያ አራት ዓመት አልፏል፤ ግሉክን ያሸነፈው ጠላት ግን ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

አንባቢ ይህን አይቶ ጉልበት ማስለወጥን እንዲፈራ አንሻም። በ2019 ላንሴት በተባለው የእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፥ ሙሉ በሙሉ ከተለወጡት ከ100 ጉልበቶች 82ቱ ያህል 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አመልክቷል። ይህ ከብዙ በቅሎና ከብዙ መኪና ዕድሜ ይበልጣል። እንግዲህ የምንናገረው ለቀሩት ለጥቂቶቹ ነው፤ ለእነርሱም የሚያስፈልገው ምልክቱን በጊዜው ማወቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው መመረዝ ነው። ከ100 ሰው አንዱን ወይም ሁለቱን ያህል ይደርስበታል። ኦፔራሲዮኑ በተደረገበት ሰሞን ብቻ የሚመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በአምስተኛውም በዐሥረኛውም ዓመት ሊመጣ ይችላል። ተሐዋስያኑ ከሌላ የሰውነት ክፍል፥ ከእግር ቍስል፥ ከበሰበሰ ጥርስ፥ ከሽንት መንገድ ተነሥተው በደም ተጕዘው ብረቱ ላይ ያርፋሉ። ሥጋ ደም አለውና ይዋጋል፤ ብረት ግን ደም የለውም። በብረቱ ላይ ያረፉት ተሐዋስያን በጥቂት ቀንና ሳምንት ውስጥ እንደ ወንዝ ድንጋይ አረንጓዴ የሚያዳልጥ ሽፋን ለራሳቸው ያበጃሉ። መድኀኒት በደም ሲመጣ ከሽፋኑ ውጭ ያሉትን ይገድላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ይጐድላል። ከሽፋኑ በታች ያሉት ግን መድኀኒቱ እስኪያልቅ ጠብቀው ይነሣሉ። የእመቤቲቱ እንክብል ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሐኪሞቹ መነሻውን ሲጠይቁ አንዲት የቤት ልጅ አስታወሰች። በመስከረም መጨረሻ እመቤቲቱ ከእርሻ ሲመለሱ ተረከዛቸውን እሾህ ወግቷቸው፥ ቍስሉም ሳምንት ያህል መግል ይዞ ነበር። ስለ እሾህ ማን ሐኪም ይጠራል? እኛም ብንሆን አንጠራም ነበር።

በቆላ አገር የሚኖር ቤተ ሰብ ከዚህ የሚይዘው ዋና ነገር ይህ ነው። የብረት ጉልበት ያለው ሰው ሲያተኵሰው የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ነገር ግን በዚያው ሰዓት ጉልበቱ ተገልጦ ይታይ። የታመመውን ጉልበት ከጤነኛው ጋር በእጅ ጀርባ እየነኩ ሙቀቱን ማመዛዘን ለማንም ሰው አይከብድም። ግሎ፥ አብጦ ወይም አዲስ ሕመም ይዞ ከተገኘ፥ በደሙ ወባ ቢገኝም እንኳ ጉልበቱ ለብቻው ይመርመር፤ አንድ ሰው ሁለት በሽታ ሊይዘው ይችላልና።

ሁለተኛው ነገር እንክብል ለመስጠት አለመቸኰል ነው። ሐኪሙ ጉልበቱ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ በንጹሕ መርፌ ቀድቶ የትኛው ተሐዋስ እንደ ሆነ በመርመሪያ ቤት ማወቅ ይኖርበታል። አስቀድሞ እንክብል የተዋጠ እንደ ሆነ ተሐዋሱ ይደበቃል፤ ሐኪሙም በጨለማ እንደሚተኵስ ሰው ይሆናል። ሕመምተኛው ራሱን እስኪስት ያልጸናበት እንደ ሆነ መድኀኒቱ ፈሳሹ ከተቀዳ በኋላ ቢጀመር ይሻላል። የጸናበት ግን ሳይዘገይ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ይወሰድ። ሕመሙ በተነሣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ ብረቱ ሳይወጣ ጉልበቱ ተከፍቶ፥ ታጥቦና ፕላስቲኩ ተለውጦ ሊድን ይችላል። ከዚያ የዘገየ ግን ብዙውን ጊዜ ብረቱን ያጣል። የእመቤቲቱ ሁለት ወር የጠፋው በዚህ ሒሳብ ነው።

ወጌሻን አንንቅም፤ አባቶቻችን ለወለምታና ለውልቃት ሲረዱበት የኖሩ ሰው ነው። ነገር ግን የብረት ጉልበት አይታሽም፤ ዋግምትም አይተከልበትም፤ በብረትም አይተኰስም። ቆዳው በተበጣና በተቃጠለ ቍጥር ለተሐዋስያን በር ይከፈትላቸዋል። ከሠለስቱ ቀን ጀምሮ መንገድ ያልሄደውን መግል ማሸት ደግሞ ወደ ሥጋው ይበትነዋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ወተት አንድ ቃል እንጨምር። በሰንበቴ ገበያ ደገኛው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ፤ የፍየልና የግመል ወተትም ሳይፈላ የሚጠጣው ብዙ ነው። ባልፈላ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ፥ ጥቂት ጊዜም ቢሆን፥ በተተከለ ብረት ላይ ሲያርፍ ታይቷል። ወተቱን ማፍላት ቀላል ነው።

ከመመረዝ በቀር ሌሎችም የዘገዩ ችግሮች አሉ። ፕላስቲኩ በብዙ ዓመት መራመድ እያለቀ ረቂቅ ዱቄት ይወጣዋል፤ ሰውነትም ይህን ዱቄት ሲዋጋ በብረቱ ዙሪያ ያለውን አጥንት ይበላዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እንደ ላላ የመጥረቢያ እጀታ ይነቃነቃል። ምልክቱም ትኩሳት የሌለው ነገር ግን ሲቆሙና ሲራመዱ የሚብስ፥ ሲቀመጡ የሚተው ሕመም ነው፤ አንዳንዱም ጉልበቴ ከዳኝ ይላል። ይህ የሚታወቀው በራጅ ነው። ራጅ ደግሞ ከአሮጌው ራጅ ጋር ሲመዛዘን ነው ብዙ የሚናገረው፤ ስለዚህ ሕመም ባይኖርም ሐኪሙ በወሰነው ዓመት ራጅ መነሣት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

መውደቅም አለ። የሽማግሌ አጥንት የሳሳ ነው፤ ብረቱ ግን አይሳሳምና ሲወድቁ አጥንቱ ከብረቱ ጫፍ በላይ ይሰበራል። ወድቆ እግሩን መርገጥ ያቃተው ሰው አይጐተት፤ እግሩ በቀጥተኛ እንጨት ተደግፎ በጨርቅ ይታሰርና ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። በሌሊት ከአልጋ እስከ መፀዳጃ ያለው መንገድ መብራት ይኑረው።

ስለ ስግደት ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ በይፋት ክርስቲያኑም እስላሙም ይሰግዳልና። መንበርከክ ብረቱን ይሰብረዋል የሚባለው እውነት አይደለም። ነገር ግን የተለወጠ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ያህል ነው የሚታጠፈው፤ ቍጢጥ ማለትና ተረከዝ ላይ መቀመጥ ከዚህ ይበልጣል፤ ጠባሳውም መሬት ሲነካ ብዙዎችን ያማል። በሁለቱም እምነት ሕመምተኛ ተቀምጦ ይጸልይ ዘንድ ተፈቅዷል። ለመፀዳጃም ከፍ ያለ የእንጨት መቀመጫ ማሠራት ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በዱካ ፈንታም ከፍ ያለ ወንበር ይቀርብ።

አሁን ደግሞ ባለ ሥልጣኖች አንባቢዎቻችን ከሌላው ይልቅ ዋጋውን ወደሚያውቁት ነገር እንመለስ፤ ይኸውም ወረቀት ነው። ኦፔራሲዮኑን ያደረገው ሐኪም የብረቱን ስም፥ መጠንና ቍጥር የያዘ ጽሑፍ ይሰጣል። ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩን ብቻ መለወጥ ቢያስፈልግ፥ ያንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው ጋር ስለማይገጥም፥ ያለዚያ ጽሑፍ ሐኪሙ ይቸገራል። የእመቤቲቱ ወረቀት በሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ተጣጥፎ ሦስት ቀን ተፈልጎ ተገኘ። ሸዋ ሮቢት በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር በጦርነት ተይዛ እንደ ነበረች፥ አጣዬም በ2013 ዓ.ም. እንደ ተቃጠለች የሚያስታውስ ሰው፥ ግልባጩን በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማስቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ምክንያት አይጠይቅም።

እመቤቲቱን በማግስቱ በመኪና ወደ አዲስ አበባ ወሰድናቸው። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ሲነካቸው፥ «ይህን ዳገት በሰላም ጊዜ አንድ ቀን መጥቼ ብታይ ኖሮ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ደብረ ብርሃን አልተናገሩም። ሐኪሞቹ ፈሳሹን ቀድተው መረመሩ። የተመረዘው ብረት ሁሉ ወጣ፤ በቦታው መድኀኒት የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ጉልበቱ እንዳይጨማደድ ተደርጎ ተቀመጠ። ስድስት ሳምንት መድኀኒት ወሰዱ፤ ደማቸው እየተመረመረ ቈየና በሦስተኛው ወር ሌላ ብረት ተተከለላቸው። በመካከሉ የነበረውን ጊዜ ከአልጋ ወደ ወንበር፥ ከወንበር ወደ አልጋ እየተዘዋወሩ አሳለፉት። ወጪውና ድካሙ ከፊተኛው ኦፔራሲዮን እጅግ በለጠ፤ ጉልበቱም እንደ ፊተኛው አይታጠፍም።

በቅርቡ ሸዋ ሮቢት ሄደን ስንጠይቃቸው ምርኵዝ ይዘው በደጃቸው ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ወረቀታቸው በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከመስቀላቸው አጠገብ ተቀምጧል። ማታ ማታም የልጅ ልጃቸው ውሃ አሙቃ እግራቸውን ካጠበች በኋላ ፋኖስ አቅርባ ሁለቱን ተረከዞች አንድ በአንድ ታያለች።